«ጥቅምም ጉዳትም አለው»፦ የተማሪ ድርሰትና አቋሙ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የድርሰት ደብተር ያገላበጠ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፦ «ባሕር ዛፍ ጥቅምም ጉዳትም አለው»። በባሕር ዛፍ ፈንታ ሞባይል ይገባል፣ ቴሌቪዥን ይገባል፣ የከተማ ኑሮ ይገባል፤ ጅራቱ ግን አይለወጥም። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው። አንድ አንቀጽ ጥቅም፣ አንድ አንቀጽ ጉዳት፣ በመጨረሻም «ስለዚህ ሁላችንም በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል»። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ያምራል፣ መምህሩም ከዐሥር ሰባት ሰጥቶ ያልፋል። ልጁ ስለ ባሕር ዛፍ ምን እንደሚያስብ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አልነገረንም።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ቴሲስ ስቴትመንት» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ የያዘውን አቋም፣ ከተቻለም የአቋሙን ምክንያት፣ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስታውቃል፤ የቀረው ድርሰት ያንን ለማስረዳት ይሠራል። በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ኃይለ ቃል ለአንቀጽ የሚሠራውን ቴሲስ ለሙሉ ድርሰት ይሠራል ብንል ብዙ አንሳሳትም። እዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሣው የት ይቀመጥ፣ መቼ ይጻፍ፣ ከነጭራሹስ ያስፈልጋል ወይ ሲባል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈውን ከየአቅጣጫው እቃኛለሁ። ስለ ቴሲስ የሚጽፍ ሰው የራሱን ቢደብቅ ግን ያስቅበታልና የኔን ከወዲሁ ልናገር፦ የተማሪው ቴሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ተማሪው ብዕር ሳያነሣ፣ መምህሩ ርእስ ሲሰጥ ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። አርስቶትል «ሪቶሪክ» በተባለው ሥራው ለንግግር የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ክፍሎች ብቻ እንደሆኑ ይናገራል፤ ጉዳዩን መግለጽና ማረጋገጥ። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ክርክር ራሱ የማስተማሪያ ዘዴ ሆነ። የቶማስ አኲናስን «ሱማ» የከፈተ ሰው የዚያን ዘዴ አሠራር በጽሑፍ ያየዋል። እያንዳንዱ ክፍል በጥያቄ ይጀምራል፤ ደራሲው የማይስማማባቸውን ምክንያቶች አስቀድሞ ይደረድራል፤ ከዚያ የራሱን መልስ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ለተቃዋሚዎቹ አንድ በአንድ ይመልሳል። ማርቲን ሉተር በ1517 ያወጣቸው 95 ነጥቦችም ለዚህ ዓይነት ክርክር የቀረቡ ቴሲሶች ነበሩ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛ ሲሆን እገልጻለሁ።) በዚያ ዓለም ቴሲስ ያቀረበ ሰው ፊት ለፊቱ ሊያፈርስበት የተዘጋጀ ተከራካሪ እንደተቀመጠ ያውቃል።

የትምህርት ቤቱ ቴሲስ ከዚህ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1866 የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ቤይን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ድርሰት መጽሐፍ የአንቀጽን ሕግጋት ደነገገ፤ ከነዚያም አንዱ የመክፈቻው ዐረፍተ ነገር የአንቀጹን ጉዳይ እንዲያመለክት ያዝዛል። ሃርቫርድ ደግሞ በ1874 በመግቢያ ፈተናው አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት ማስጻፍ ጀመረ፤ ሌሎች ኮሌጆችም መንገዱን ተከተሉ። ድርሰት የብዙኃን ፈተና ሲሆን ተከራካሪው ቀርቶ አራሚው መጣ። ክምር ወረቀት በጥቂት ሰዓት የሚጨርስ አራሚ አቋሙ ቶሎ ዓይኑ ውስጥ ቢገባለት ይወዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ክፍሎች የሠፈነው ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት፣ ማለትም አንድ መግቢያ፣ ሦስት ሐተታ፣ አንድ መደምደሚያ፣ ቴሲሱም የመግቢያው ማሰሪያ ላይ፣ ይህን የአራሚ ፍላጎት በሚገባ ያሟላል። እኛም ዘንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ የወሰደ ሁሉ ከዚሁ ቅርጽ ጋር ተዋውቋል።

ተቃውሞው ግን መምጣቱ አልቀረም። ጃኔት ኤሚግ በ1971 ባሳተመችው ጥናት ስምንት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገች። መጻሕፍቱ የሚያስተምሩት ሰልፍ፣ አቋም ቀድሞ ዝርዝር ተከትሎ ጽሑፍ በመጨረሻ፣ እውነተኛውን የልጆቹን አጻጻፍ አይመስልም ነበር። ኤሚግ ባለ አምስት አንቀጹን ድርሰት እጅግ አሜሪካዊ ከመሆኑ የተነሣ በአሜሪካ ባንዲራ ሃምሳ ኮከቦች ስም ቢጠራ ይገባዋል ብላ አሹፋበታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒተር ኤልቦው ያለ መምህር ስለ መጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሚያስበውን የሚያገኘው በመጻፍ ውስጥ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1974 ደግሞ ሪቻርድ ብራዶክ በታወቁ የአሜሪካ መጽሔቶች የወጡ 25 መጣጥፎችን አንቀጽ በአንቀጽ መረመረ። በኃይለ ቃል የሚጀምሩት አንቀጾች 13 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። መምህሩ «እንዲህ ይጻፋል» የሚለውን የተከበሩት ጸሐፊዎች ራሳቸው አያደርጉትም ማለት ነው። የብራዶክ ቁጥር የአንቀጽን እንጂ የሙሉ ድርሰትን ቴሲስ አይመለከትም፤ ይሁንና «ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ» የሚለውን ሕግ ክፉኛ አናግቶታል። ከቅርብ ጊዜዎቹ ጆን ዋርነር በ2018 ባለ አምስት አንቀጹ ድርሰት ይገደል ብሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል።

በነዚህ ተቃዋሚዎች ክርክር ውስጥ የምቀበለው አለ፤ የማልቀበለውም አለ። ፈረንሳዊው ደራሲ ሞንቴን በ1580 «ኤሴ» ብሎ የሰየማቸው ጽሑፎች ወዲያ ወዲህ እንደሚንሸራሸሩና ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ መደምደሚያ እንደሌላቸው እውነት ነው። ነገር ግን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሞንቴንን ሊሆን አይገደድም። የመጽሔት ጸሐፊ አቋሙን በአራተኛው አንቀጽ ቢያወጣው አንባቢው ይከተለዋል፤ አቋም እንዳለው ከስሙ ያውቃልና። ተማሪ ያንን አመኔታ ገና አላገኘም። ስለዚህ ቴሲስን ወደ ፊት ማምጣት ለጀማሪ ጠቃሚ ልማድ ነው እላለሁ። ልማዱን የጽሕፈት ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ለማየት ከእንግሊዝኛው ዓለም ወጣ ማለት ይበቃል። በቻይና የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት ሠራተኞች ፈተና ከሚንግ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት የሚጻፈው ባለ ስምንት እግር ድርሰት ይባል ነበር። መክፈቻው በሁለት ዐረፍተ ነገር የርእሱን ፍሬ ነገር ፈልቅቆ ማሳየት ነበረበት። ከቦታ አንጻር ከዚህ የተሻለ ቴሲስ አይገኝም። ርእሱ ግን ከኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት የተቀነጨበ ቃል ነበር፤ ተፈታኙም በጥንቶቹ ሊቃውንት አፍ እንዲናገር እንጂ የራሱን አስተያየት እንዲያመጣ አይጠበቅበትም። ይህ ቅርጽ እስኪቀር ድረስ ስንት ትውልድ ፍጹም ቅርጽ ያለው፣ ማንም የማይከራከረው መክፈቻ ሲጽፍ ኖሯል።

ፈረንሳዮች ከዚህ በተቃራኒው ሄደዋል። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው በባካሎሬያ የፍልስፍና ፈተና ተማሪው አራት ሰዓት ይሰጠዋል፤ የድርሰቱ ርእስም ጥያቄ ነው። በመግቢያው መልሱን እንዲያውጅ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ጥያቄው ለምን እንደሚያስቸግር፣ መልስ የሚመስሉት ነገሮች የት ላይ እንደሚጋጩ እንዲያሳይ ነው። ከዚያ አንዱን ወገን ይዞ ይከራከራል፣ ተቃራኒውን ይዞ ይከራከራል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ወደሚያልፍ ሐሳብ ይደርሳል። ከአሜሪካ ክፍል የመጣ ልጅ «አቋሙ የታለ?» ይላል። አለ፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ከባህል ጋር ያያያዙ ምሁራን አሉ። ሮበርት ካፕላን በ1966 ባወጣው ጽሑፍ የእንግሊዝኛን አንቀጽ በቀጥተኛ ቀስት፣ የእስያዎቹን በጠመዝማዛ፣ «ሴማዊ» ያላቸውን ቋንቋዎች ደግሞ ትይዩ ሆነው በሚመላለሱ መስመሮች ሥሎ አሳየ። ጆን ሂንድስ በ1987 ጃፓንኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ነገሩን የመገንዘቡን ኃላፊነት ለአንባቢው ሲተዉ እንግሊዝኛ ግን በጸሐፊው ላይ ይጥለዋል አለ። የካፕላን ሥዕል ብዙ ተተችቷል፤ ራሱም በኋላ አለሳልሶታል። ሆኖም እኛ አገር ሐሳቡ በሌላ ልብስ አሁንም ይነገራል፦ «የኛ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ቅኔ የለመደ ሕዝብ ነው፤ ተማሪው አቋም የማይጽፈው ለዚህ ነው»።

ይህ ማብራሪያ አይዋጥልኝም። እርግጥ ነው በቤተ ክህነት ትምህርት የአንድምታ መምህር አንዱን የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ይፈታዋል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን የመጣል ግዴታ የለበትም። ይህ ራሱን የቻለ ታላቅ የንባብ ሥርዓት ነው። ግን በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የዳኝነት አደባባዩ «በልሃ ልበልሃ» የሚባልበት ነበር። ተሟጋቹ የሚለውን ለይቶ ይናገራል፣ በነገሩም ላይ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። በቃሉ ላይ በቅሎ የሚያስይዝን ሰው አቋም መግለጽ አያውቅም ማለት ያስቸግራል። በጽሑፍም ቢሆን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አሉ፤ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ ተጎጂ መሆኑን ይዞ ከምዕራፍ ምዕራፍ የሚሟገት መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አለ። ያው «ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ የጻፈው ልጅ ዓርብ ከሰዓት በክፍሎች መካከል በሚደረገው ክርክር ላይ ሲቆም ሌላ ሰው ነው። «ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል?»፣ «ከገጠርና ከከተማ የቱ ይሻላል?» ይባላል፤ ልጁ ለብዕር ተመድቦ ከሆነ ሰይፍን መቀመጫ ያሳጣዋል። ተቃራኒው ወገን ምን እንደሚል አስቀድሞ ገምቶ መልሱን አዘጋጅቷል፣ ምሳሌ ከታሪክ ይጠቅሳል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ሰኞ ጠዋት ብዕር ሲይዝ ያ ሁሉ የት ይገባል? ባህሉ በሁለት ቀን አልተለወጠም። የተለወጠው የቀረበለት ነገር ነው። ዓርብ ዕለት ጥያቄ ተሰጠው፤ ሰኞ ዕለት ስም ተሰጠው። «ስለ ባሕር ዛፍ ድርሰት ጻፉ»፣ «የአካባቢ ብክለት»፣ «የሴቶች ትምህርት»። ለስም መልስ የለውም። በስም ላይ የሚደረገው መዘርዘር ነው፤ የተዘረዘረ ነገር ደግሞ ሁለት ረድፍ ሲሠራ ጥቅምና ጉዳት ይሆናል።

አኲናስ በጥያቄ ይጀምራል፤ ባካሎሬያውም እንዲሁ። የቻይናው ድርሰት ከተቀደሰ ቃል ይጀምር ስለነበር መክፈቻው የቱንም ያህል ቢስተካከል የጸሐፊው አቋም አልወጣበትም። እነዚህን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ቴሲስ የትም ይቀመጥ የት የሚበቅለው ከጥያቄ መሆኑ ግልጽ ይመስለኛል።

ባሕር ዛፉን ወስደን እንሞክረው። «ባሕር ዛፍ ጥቅምም ጉዳትም አለው» የሚለውን የሚክድ ሰው ፈልጉ፤ አይገኝም። ጎጃም ውስጥ ማሳውን ወደ ባሕር ዛፍ የለወጠው ገበሬም፣ ምንጩ ደረቀብኝ የሚለው ጎረቤቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አሁን ርእሱን ጥያቄ እናድርገው፦ «ገበሬው በማሳው ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተክል ሊከለከል ይገባል?» ልጁ ምናልባት «አዎ፣ ባሕር ዛፍ የአገራችንን አፈር ስለሚጎዳ ሊከለከል ይገባል» ይላል። ይህ ቴሲስ ነው፤ ገበሬው ወዲያው ይነሣበታል። ገበሬው ሲነሣ ግን የዐረፍተ ነገሩ ስፋት ይጋለጣል። «የአገራችን አፈር» ማለት የትኛው ነው? የወንዝ ዳሩ ጥቁር አፈር ነው ወይስ ሣር እንኳ ያላበቀለው ተዳፋት? ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ ያስብበታል፣ አያቱንም ይጠይቃል፤ ቀጥሎ እንዲህ ይጽፋል እንበል፦ «ባሕር ዛፍ ከምንጭ ዳርና ከእህል ማሳ አጠገብ ሊከለከል ይገባል፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ግን ባዶ ከመተው እሱን መትከል ይሻላል፤ ምክንያቱም ቶሎ ደርሶና ከጉቶው መልሶ እያቆጠቆጠ ለማገዶ የሚቆረጠውን የአገር በቀል ዛፍ ያተርፋል»።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥቅሙም ጉዳቱም አለ። ልጁ መጀመሪያ ላይ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ መንገዱን ሳይጨርስ ቆሞ ነበር። የት፣ ለማን፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ጥቅሙን ከጉዳቱ በቦታ የለዩለት። የሚያስፈልገውን ማስረጃም ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይዘረዝርለታል፤ ስለ ውኃው፣ ስለ እድገቱ ፍጥነት፣ ስለ ማገዶው አንቀጽ አንቀጽ ይሆናሉ። ከዚህ ሌላ ያልተጻፈ ነገርም አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በ1958 እንዳስረዳው በአቋምና በማስረጃ መካከል ብዙ ጊዜ የማይነገር የማገናኛ ሐሳብ ይኖራል። እዚህ ላይ የተደበቀው «ለዚያ መንደር ውኃ ከጣውላና ከገንዘብ ይበልጣል» የሚለው ነው። ገበሬው ጠንካራ ተከራካሪ ከሆነ የሚመታው እሱን ነው፤ የገበሬው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈለው ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ነውና።

ታሪክ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። አዲስ አበባን ከመተው ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው የሚለውን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ከተማዋ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋን የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ገደማ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ደርሶ ከተማዋን አስቀረ ይባላል። «አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና የቀረችው በባሕር ዛፍ ምክንያት ነው» ብሎ የጀመረ ተማሪ ጥሩ የሚከራከሩበት አቋም ይዟል። ሐተታው ውስጥ ሲገባ ግን የማይመች ነገር ይገጥመዋል። ከአድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መንግሥታት ሌጋሲዮኖቻቸውን ያቋቋሙት እዚያው ነበር፤ መኳንንቱም ግቢያቸውን ሠርተዋል፤ ሁለተኛ ዋና ከተማ ማሠራት ትልቅ ወጪ ነው። ዛፉ ባይመጣ ኖሮ እነዚህ ሁሉ ይሄዱ ነበር? ተማሪው ሐቀኛ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ያርመዋል፦ «ከተማዋን መተው አስቸጋሪ ያደረገው አስቀድሞ የፈሰሰው ገንዘብና ግንባታ ነው፤ ባሕር ዛፍ ያደረገው በዚያው መቆየትን የሚቻል ማድረግ ነው»። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ከጨመረበት መምህሩም ፈገግ ይላል።

ቴሲስ መቼ ይጻፍ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። ሁለቴ ይጻፋል። መጀመሪያ ሥራ ለማስጀመር የሚበቃ ያህል፣ ሐተታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሐተታው የደረሰበትን የሚናገር ሆኖ። ኤልቦውም ቴሲስ ይቅደም የሚለው መምህርም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ሁለተኛውን ጽሕፈት የሚያስቀረው ፈተና ነው፤ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለስ ጊዜ የለም።

ስለ ፈተና ካነሣን፣ የፈተና መመሪያዎችን ያነበበ ሰው ከመምህራን ይልቅ ለዘብተኛ ሆነው ያገኛቸዋል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ በሚወስዱት የኤፒ እንግሊዝኛ ፈተና አንድ ድርሰት ከ6 ነጥብ ይታረማል፤ ለቴሲሱ የተመደበው 1 ነጥብ ብቻ ነው፣ ለማስረጃና ለትንታኔው 4። ቴሲሱ በድርሰቱ ውስጥ የትም ቢገኝ ይያዝለታል። የታሪኩ ፈተና ጠበቅ ያለ ነው፤ በመግቢያው ወይም በመደምደሚያው በአንድ ቦታ እንዲገኝ ይጠይቃል። የመግቢያው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ካልሆነ የሚል ግን የለም፤ ያ የክፍል ውስጥ ወግ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ለመማር የሚያስብ ወጣት የሚያውቀው አይኤልትስም በሁለተኛው የጽሕፈት ጥያቄው 40 ደቂቃና ቢያንስ 250 ቃላት ሰጥቶ አቋሙ ከዳር እስከ ዳር ግልጽ እንዲሆን ይፈልጋል። በየማሠልጠኛው የሚሸመደደው የመግቢያ ናሙና፣ «ይህ ድርሰት ሁለቱንም ወገን ከተመለከተ በኋላ» የሚለው፣ ለዚህ ብዙ አይረዳም።

ለቅርጽ ብቻ ነጥብ መስጠት የት እንደሚያደርስ ሌስ ፔረልማን የተባለ የኤምአይቲ ሰው አሳይቷል። በ2014 ከተማሪዎች ጋር የሠራው ፕሮግራም ጥቂት ቃላት ሲሰጡት ትርጉም የሌለው ግን ድርሰት የሚመስል ጽሑፍ ያመርት ነበር፤ የኮምፒዩተር አራሚዎችም ጥሩ ውጤት ሰጥተውታል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲን «ቴሲስ ጻፍልኝ» ያለ ሁሉ «ምንም እንኳ እንዲህ ቢሆንም እንዲህ ነው፣ ምክንያቱም» የሚል የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ያገኛል። ተቃራኒውን ቢጠይቀውም ያንኑ ያህል የተስተካከለ ይሰጠዋል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያምን ግን ልጁ ራሱ መወሰን አለበት።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ችግሩ በአንድ በኩል ቀላል፣ በሌላ በኩል ከባድ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ተማሪው ፊደል መርጦ ይወጣል። የማይፈተን ነገር በክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። ልጁ ድርሰት በወጉ ሳይታረምለት ዩኒቨርሲቲ ይገባና ለመመረቂያ ሲኒየር ኤሴይ ሥራ ይባላል፤ አማካሪውም «ሐሳብህ የታለ?» ብሎ ያን ጊዜ ይቆጣል። በዚያ ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ሲያጥረው የሚያውቀውን አስተማማኝ ዐረፍተ ነገር ይይዛል፤ የሚያስበውን ሳይሆን መጻፍ የሚችለውን ይጽፋል። ስለዚህ አቋሙን መጀመሪያ አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ ጽፎ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያመጣው መፍቀድ ብዙ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። መምህራን ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩበት ምክንያት አይገባኝም።

ቀላሉ በኩል የርእሱ ነው። «የሴቶች ትምህርት» በሚለው ፈንታ «በገጠር ሴት ልጅ ትምህርት እንድታቋርጥ የሚያደርጋት ይበልጥ የትምህርት ቤቱ ርቀት ነው ወይስ የቤት ሥራ ጫና?» ቢባል ወጪ የለውም። «ሞባይል» በሚለው ፈንታ «ትምህርት ቤታችን ሞባይል ቢከለክል ኩረጃ ይቀንሳል?» ቢባል ክፍሉ ገና ሳይጻፍ ይንጫጫል። ጥያቄው ከሁለት በላይ መልስ ቢፈቅድ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የብዕርና የሰይፉ ዓይነት ለአዳራሽ ይበቃል እንጂ ለወረቀት ይጠባል።

አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ ያለው መምህር በየሳምንቱ ድርሰት ያርም ማለት ግን ቀልድ ነው። ስልሳ ዐረፍተ ነገር በአንድ ክፍት ክፍለ ጊዜ ይነበባል። ሰኞ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ረቡዕ እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ከነምክንያቱ በብጣሽ ወረቀት ያስረክባል፤ ከዚያ ያለፈ አይፈለግም። መምህሩ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከሁለት አንዱን ይጽፋል፦ «ይህን ማን ይክዳል?» ወይም «ምን አይተሽ ነው?»። የመጀመሪያው የተጻፈበት ገና አቋም አልያዘም፤ ሁለተኛው የተጻፈባት አቋም አላት፣ ማስረጃ ይቀራታል። ሁለቱም ለዓርብ አስተካክለው ይመልሳሉ። ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት የደረሰው ልጅ ድርሰቱን እንዲጀምር ይፈቀድለታል።